ግማሽ መሐንዲስ የሠራው ግንብ

ሰኞ ነበር። ፍልሰታ ተፈትቷል፣ ክረምቱ ሊወጣ ጥቂት ቀርቶታል። ላሊበላ ከተማ ውስጥ የአንድ እንግዳ ማረፊያ ምድር ቤት እንጠግን ነበር። ወንድሜ ደሳለኝ ፎርማን ነው፣ እኔ ፌራዮ ነኝ፤ ብረት የምቆርጥና የማስር ማለት ነው። ደሳለኝ ከወልድያ የገባው እሑድ አመሻሽ ላይ ነበር። እዚያ የሲቪል ምህንድስና የቅዳሜና እሑድ ተማሪ ነው። ያን ክረምት ግን ቤት አልነበረም ማለት ይቻላል። መንገዱ ሲዘጋ እዚያው ቀረ፣ ሲከፈት ደግሞ ፈተናው ደረሰ። የቀረው አንድ ሴሚስተር ነበር።

ምሳ ላይ እንደ ልማዱ ምስማር አንስቶ ኮንክሪት የሚሞላበት የካሳፎርማ ጣውላ ላይ መጫር ጀመረ። ቅዳሜ የተማረውን ሰኞ ምሳ ላይ ለእኛ ካላስረዳ የተማረው አይመስለውም። አሸዋ በእፍኙ ዘግኖ ቀስ አድርጎ አፈሰሰው። አሸዋው ተከመረና ጎን ለጎን ተንሸራቶ ተኛ።

«አየህ፣ አፈር መተኛት ነው የሚፈልገው» አለኝ። «ግንብ አስደግፈህ ቁም ስትለው ይገፋሃል። ከላይ ትንሽ ነው፣ ወደ ታች ሲወርድ ይበረታል።»

ጣውላው ላይ ሦስት ማዕዘን ሠራ፤ ሹሉ ላይ፣ ሰፊው ታች። ከጎኑ ሌላ፣ ከመጀመሪያው የሰፋ ሦስት ማዕዘን ጨመረ።

«ይኼ ደግሞ ውሃ ነው። አፈር እርስ በርሱ ስለሚያያዝ ትንሽ ይራራል። ውሃ አይራራም።»

ከቀን ሠራተኞቹ አንዱ እንጀራውን እያየ፣ ፎርማን ያ ሰፊው ሦስት ማዕዘን ከኔ ድርሻ ላይ ነው መሰል የተቆረጠው አለ። ተሳሳቅን። ደሳለኝም ሳቀ፣ ከራሱ ቆርሶ አጎረሰው። ከዚያ ወደ ሥራችን ተመለስን። ያን ቀን ሌላ የተለየ ነገር አልነበረም። ቢኖር ኖሮ ብዬ ብዙ ጊዜ አስቤ አውቃለሁ፤ አልነበረም።

ወደ ማታ ከአገራችን አንድ ዲያቆን ደወለ። አገራችን ከገነተ ማርያም ወዲያ ነው፣ በእግር የሚኬድ። ዲያቆኑ የደወለው ስለ አንድ ክርስትና ሊነግረን ነበር። በጨዋታ መሐል የቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ዘንድሮ እያላበው ነው አለ። ያን ግንብ፣ ከሥሩ የውሃ መውጫ ቱቦ አድርጎለት፣ የሠራው ደሳለኝ ነው።

«ከቱቦዎቹ ውሃ ይወርዳል ወይ?» ሲል ጠየቀው ወንድሜ።

ስልኩ ድምፁ ከፍ ያለ ስለነበር መልሱን እኔም ሰማሁ። «ኧረ እነሱማ ከተደፈኑ ሰነበቱ።»

ደሳለኝ ስልኩን ዘጋ። ነገ ማለዳ እንሄዳለን አለኝ።

የሥራ ዘመን ትዝታ የሚጽፈው ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ወንድሜ ጡረታ አልወጣም፣ ለራሱ ሊጽፍም አይችልም። ስለዚህ እኔ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ብረት ወደ ማሰር የገባሁት፣ በማውቀው ልክ ልጻፈው። አጻጻፌ ከተንተባተበ ይቅርታ።

ደሳለኝ ሥራ የጀመረው በኮብልስቶን ነው። ላሊበላ መንገዷን ድንጋይ ስታነጥፍ እሱ ገና ጎረምሳ ነበር፣ መዶሻ ይዞ ጥቁር ድንጋይ ሲፈልጥ ይውላል። እዚያ ነው አያ ምስጋናው ያገኙት። አያ ምስጋናው የላስታን የድንጋይ ቤት፣ ያለ ሲሚንቶ በጭቃና በድርድር የሚቆመውን፣ ከአባታቸው የተማሩ ግንበኛ ናቸው። ልጁ ድንጋዩን ከመምታቱ በፊት ሲያገላብጠው አይተው ኖሯል። ና ከኔ ጋር ሥራ አሉት።

የአያ ምስጋናውን አመል ደሳለኝ እስከ መጨረሻው ይዞት ኖረ። ድንጋይ ሲያነሡ አንድ ጊዜ ያዞሩታል፤ ፊቱን ለማየት አይደለም፣ የሚተኛበትን ጎን ለመፈለግ ነው። ተኝቶ የማያውቅ ድንጋይ ግንብ ውስጥ አያድርም ይላሉ። አንዴ ያነሡትን ድንጋይ መልሰው መሬት አያስቀምጡም፣ ቦታ እስኪያገኙለት ይዘውት ይዞራሉ። አዲስ ግንብ ጥላ ሥር ምሳ አይበሉም። አዲስ ግንብ እንግዳ ነው፣ ክረምት ሳያልፍበት ጠባዩ አይታወቅም ባይ ናቸው። የመጀመሪያው ትልቅ ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ሌላው ሰው ወደ ቤቱ ሲሮጥ እሳቸው ጋቢያቸውን ተከናንበው ወደ ሠሩት ግንብ ይሄዳሉ። ከጎኑ ቆመው ያዩታል። ከፊቱ አይቆሙም። ግንብ በፀሐይ ሁሉም ቆንጆ ነው፣ በዝናብ ነው የሚታወቀው ይሉ ነበር።

ደሳለኝ ቴክኒክና ሙያ ገብቶ ጨረሰ። ከዚያ አንድ ተቋራጭ ዋድላ ወረዳ፣ ኮን ከተማ ላይ ለሚሠራው ጤና ጣቢያ ረዳት ፎርማን አድርጎ ወሰደው። ተቋራጩ ችኩል ሰው ነበር፤ ስሙን አልጽፍም። የዋድላ ብርድ ያስለቀሰው እዚያ ነው። ፕላን ማንበብ የለመደውም እዚያ ነው። መሐንዲሱ በወር አንዴ ብቅ ይላል፤ በመሐል ያለውን ቀን ሁሉ ፕላኑን የሚፈታው ደሳለኝ ነው። አንድ ቀን መሐንዲሱን አንድ የብረት አቀማመጥ ለምን እንዲህ ሆነ ብሎ ጠየቀው። መሐንዲሱ መልካም ሰው ነበር፣ ቁጭ ብሎ አስረዳው። ደሳለኝ ግን ግማሹ አልገባውም። ሰውየው እያስተማረኝ እኔ ራሴን እየነቀነቅሁ ዋሸሁት አለኝ ቆይቶ። በዚያው ዓመት ወልድያ ተመዘገበ።

ከዚያ በኋላ ሕይወቱ መኪና ላይ ነበር። ዓርብ ከሥራ ወጥቶ ጋሸና ላይ መኪና ይጠብቃል፣ ሌሊት ወልድያ ይገባል፣ ሁለቱን ቀን ይማራል፣ ሰኞ ጠዋት የራስ ቁሩን አድርጎ ሥራ ላይ ይገኛል። ደመወዙ በትራንስፖርትና በክፍያ ያልቅ ነበር፣ ይኼን ብዙ ማተት አልፈልግም። የክፍል ጓደኞቹ ግማሾቹ በዕድሜ ያንሱታል። የሥራ ጓደኞቹ ደግሞ ግማሽ መሐንዲስ የሚል ስም አወጡለት። ግማሽ መሐንዲስ መጣ፣ ግማሽ መሐንዲስ ሄደ። እሱ አይቆጣም። «ግማሹ ግንበኛ ነው፣ ግማሹ ተማሪ። ሁለቱን ስትደምሩ አንድ ሰው ይወጣል» ይላቸው ነበር።

አያ ምስጋናው ትምህርቱን አልተቃወሙም። እንዲያውም በየጊዜው ምን አስተማሩህ እያሉ ይጠይቁት ነበር። አንድ ነገር ላይ ብቻ ተከራከሩ። ድጋፍ ግንብ ላይ ቀዳዳ መተው አይወዱም። የተበሳ ግንብ የተበሳ ልብስ ነው ይላሉ።  ደሳለኝ በሌላ ጊዜ መጥቶ፣ አያ የእርስዎ ግንብ ያለ ሲሚንቶ ስለሆነ ሁለመናው ቀዳዳ ነው፣ ውሃው በየድንጋዩ መሐል ይወጣል፤ እኛ ግን በሲሚንቶ ዘጋንበት፣ ስለዚህ በር ልንሠራለት ይገባል አላቸው። አያ ምስጋናው አሰቡበት። «እንግዲያስ በሩን ከታች አድርግለት» አሉ። ጭቅጭቁ በዚሁ አለቀ።

ስለ ብልባላው ውድቀት መጻፍ አለብኝ፤ እሱ ራሱ ደጋግሞ ያወራው ስለነበር። ብልባላ አካባቢ አንድ ምንጭ ተገንብቶ የውሃ ማጠራቀሚያ ይሠራ ነበር፣ ኃላፊው ደሳለኝ ነው። የማጠራቀሚያውን ክዳን ኮንክሪት የሞሉት በበዓል ዋዜማ ነው። በማግሥቱ በዓል ነው። ከዚያ ቅዳሜ፣ ከዚያ እሑድ። በእኛ አገር በእነዚህ ቀናት መሬት አይቆፈርም፣ እንጨት አይፈለጥም። ኮንክሪት ደግሞ እንደ ሕፃን ነው፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ውሃ ይፈልጋል። ደሳለኝ ለትምህርት ወደ ወልድያ ሲሄድ በየጠዋቱና በየማታው አጠጡ ብሎ ጠባቂዎቹን አዟል። ጠባቂዎቹ ግን ሲሚንቶ ማጠጣት ሥራ ነው፣ በበዓል አይሆንም ብለው ተዉት። ፀሐዩ ኃይለኛ ነበር። ሲመለስ ክዳኑ እንደ ደረቀ ኩሬ ጭቃ ተሰነጣጥቆ አገኘው። ፈርሶ እንደገና እስኪሠራ ድረስ ሴቶቹ እንደ ድሮው ገደል ወርደው ቀዱ።

ሰዎቹን አልወቀሰም። በዓላቸውን ሳልቆጥር ኮንክሪት የሞላሁት እኔ ነኝ አለ። ሁለተኛውን ክዳን ከመሙላቱ በፊት ወደ ቄሱ ሄዶ ነገሩን አስረዳቸው። ቄሱም «የተጠማን ማጠጣት በበዓልም አይከለከልም» አሉት። ለሕዝቡም ከቅዳሴ በኋላ ይኼንኑ ተናገሩ። እሑድ ዕለት ነጠላ የለበሱ ሰዎች ተራ ገብተው በእንስራ ሲያጠጡት ደሳለኝ እንባው መጣ። ከዚያ ወዲያ አንድ አባባል ነበረው፤ ሰውን ያላስገባ ፕላን ግማሽ ፕላን ነው።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። እንግዳ ጠፋ፣ ግንባታ ቆመ፣ ትምህርቱም ቆመ። ወደ ሥራ ከተመለስን በኋላ ነው የአገራችን ሰዎች ግንቡን እንዲሠራላቸው የለመኑት። የቤተ ክርስቲያናችን ግቢ ቁልቁለት ላይ ነው። መቃብሮቹ በየክረምቱ ወደ ገደሉ ይንሸራተቱ ነበር። የአባታችንም መቃብር እዚያ ነው፣ ጫፉ ጋ። ደሳለኝ ያን ግንብ ያለ ዋጋ ሠራው። ሲሚንቶውን በአህያ አጓጓዝን፣ ድንጋዩን ሕዝቡ ተሸከመ፣ አያ ምስጋናው እያዩ አረሙን። ከታች በኩል በረድፍ የፕላስቲክ ቱቦዎች አስገባ፣ ከበስተጀርባቸው ጠጠር ሞላ። ከግንቡ በታች ያለው መሬት ያኔ የግጦሽ ሣር ነበር።

ግንቡ የመጀመሪያውን ክረምት ቆመ። መቃብር አልተንቀሳቀሰም። ሰው ግንቡን አመነው። ከማመኑ የተነሣ፣ ላይኛው ግቢ ጠቦ ስለነበር፣ ከግንቡ በታች ባለው መሬት መቅበር ጀመረ። ማንም ለደሳለኝ አልነገረውም፣ እሱም አልጠየቀም።

ማክሰኞ ማለዳ ተነሥተን ሄድን።  ደርሰን ከታች ስናይ ግንቡ መሐሉ ላይ ሆዱን አውጥቷል። ግንበኛ እንዲህ ነው የሚለው፣ ሆድ አወጣ። በድንጋዮቹ መጋጠሚያ ውሃ ይወረዛል። ቱቦዎቹ በሙሉ በጭቃና በጭድ ተመርገዋል፣ አንዳንዱም ጨርቅ ተወትፎበታል።

እትዬ ጥሩነሽ እዚያው ነበሩ። ጎረቤታችን ናቸው። አንድ ልጃቸው ባለፈው ዓመት ሞቶ ከግንቡ በታች ነው የተቀበረው፣ ልክ ከቱቦዎቹ ትይዩ። ደሳለኝን ሲያዩ ደስ ብሏቸው ሳሙት። ከዚያ እሱ ቱቦዎቹን ማን ደፈናቸው ብሎ ጠየቃቸው።

«እኔ ነኝ ልጄ። ጎረቤትም ረድቶኛል» አሉ። «ውሃው ሌት ተቀን ልጄ ላይ ይፈስሳል። ያ ሁሉ ብርድ። እኔ ቤቴ ተኝቼ እሱ ውሃ ላይ ይደር?»

ደሳለኝ መቃብሩን አየ፣ ቱቦዎቹን አየ። ፊቱ ምን እንደሚመስል አሁንም ይታየኛል። ውሃውን ከግንቡ አስወጣሁት እንጂ ወዴት እንደሚሄድ አልጠየቅኩም አለ፤ ለእኔ ይሁን ለራሱ አላውቅም። ከዚያ ለእትዬ ጥሩነሽ እንዲህ አላቸው።

«ውሃውን ከልጅዎ ላይ አነሣዋለሁ። ከግንቡ ሥር ቦይ እቆፍርለትና ወደ ገደሉ ይሄዳል። ግን ቱቦው መከፈት አለበት፣ ያለዚያ ግንቡ ይመጣብናል። አሁን ከዚህ ይራቁልኝ።»

እሳቸው ራቅ አሉ። ደመናው ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ በኩል ጠቁሮ እየመጣ ነበር። እሱም አየው፤ የቸኮለውም ለዚያ ነው። ላይ ያሉትን መቃብሮች፣ አባታችንን፣ በዚያ ዝናብ ሊያጣቸው አልፈለገም። ዲጂኖ ይዞ ከዳር ያለውን ቱቦ ከፈተ። ጨርቁ ተፈናጥሮ ወጣ፣ ከኋላው ቡናማ ውሃ እንደ ቧንቧ ተወረወረ። ደስ አለው። «አየህ፣ ሰፊው ሦስት ማዕዘን» አለኝ። ሁለተኛውንም ከፈተ። ዝናቡ ጀመረ፣ በረዶ የቀላቀለ። ለቦዩ አካፋ አምጣ ብሎ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት ላከኝ።

አካፋውን ይዤ ስመለስ ድምፁን ሰማሁ። ነጎድጓድ መስሎኝ ነበር። እዚህ ላይ ብዙ መጻፍ አልችልም። ሆድ ያወጣው ቦታ ወድቋል። እሱ ከፊቱ ነበር፣ መሐለኛው ቱቦ ጋ። ከጎን ሆኖ አይደርስበትም ነበር። ሕዝቡ እየጮኸ መጣ፣ ድንጋዩን በእጃችን አነሣን። ድንጋይ በተሸከምንበት ባሬላ እሱን ተሸክመን ወጣን።

ያን ማታ ቤታችን ሰው ሞላ። እናቴ ድምፅዋ ጠፍቶ ነበር። ለቀብሩ እኅታችን ከወልድያ እስክትደርስ ይቆይ ተባለ። እኔ በር ላይ ተቀምጬ ነበር። ከውጭ ሁለት ሰዎች ቀስ ብለው ሲነጋገሩ ሰማሁ። ምን ታደርገዋለህ፣ ግማሽ መሐንዲስ የሠራው ግንብ ነዋ አለ አንዱ። ክፋት አልነበረውም ድምፁ። አዝኖ ነው የተናገረው። 

ደሳለኝ የሚቀበረው ከአባታችን አጠገብ ነው፣ ላይ። ከግንቡ የተረፈው ግማሽ ነው ሥሩን የሚይዝለት። የእሱም ቱቦዎች ተደፍነዋል። ሌሊቱን ሙሉ ዝናቡ የሳር ክዳኑን ሲመታ ያሰብኩት ይኼን ብቻ ነው።

ጠዋት ጎሕ ሲቀድ ዲጂኖና አካፋ ይዤ ሄድኩ። አያ ምስጋናው ቀድመውኝ ግንቡ ዳር ቆመዋል፣ ጋቢያቸው ከላሊበላ እስከዚያ የመጡበት ዝናብ ያጠበው ነው። ዓይናቸው ደክሟል። ትንሽ መዶሻ ይዘው የቆመውን ግንብ ከጎን እያንኳኩ ያዳምጡ ነበር። እጄን ያዙኝ። ቱንቢያቸውን ከግንቡ ጫፍ አወረዱና ክሩን እንዳየው አደረጉኝ። ቀጥ ብሎ ወረደ።

«ይኼኛው ገና አልተገፋም» አሉ። «መጀመሪያ ቦዩን። ከዚያ ከጎን ሆነህ፣ ከዳር ጀምር። ከፊቱ ብትቆም ትቼህ እሄዳለሁ።»

ቦዩን ቆፈርኩ። ከግንቡ ራቅ አድርጌ፣ ከመቃብሮቹ በላይ፣ ወደ ገደሉ አዘንብዬ። መሬቱ ረጥቦ ስለነበር አላስቸገረኝም። ደሳለኝ ቢኖር በውሃ ልክ ይለካው ነበር፣ እኔ በዓይኔ አደረግኩት። እትዬ ጥሩነሽ መጡ። ፊታቸውን ነጭተው ነበር። ማንም ሳይጠይቃቸው እዚያ ለተሰበሰበው ሰው፣ ግንቡ አልከዳውም፣ እኔ ነኝ ልጄን ውሃ እንዳይነካው ብዬ አፉን የዘጋሁት አሉ። ትናንት በር ላይ የተናገረው ሰውዬም ነበረ። አካፋዬን ተቀብሎኝ የቀረውን ቦይ እሱ ቆፈረ።

ከዚያ አያ ምስጋናው ወገቤን በገመድ ይዘውኝ ከጎን ሆኜ ዲጂኖውን ሰደድኩ። የመጀመሪያው ተከፈተ። ውሃው ወጣ፣ ቦዩን አገኘ፣ ዞሮ ሄደ። ሁለተኛው። ሦስተኛው። የመጨረሻው ላይ የተወተፈው የእትዬ ጥሩነሽ የሐዘን ነጠላ ቁራጭ ነበር። ዲጂኖው ጫፍ ላይ ተጠምጥሞ ወጣ። እትዬ ተቀበሉኝ፣ ጨመቁት፣ ወደ ልጃቸው መቃብር ዞረው አዩ። መቃብሩ ደርቆ አይደለም፣ ዝናብ ነው። ግን ከግንቡ የሚመጣው ውሃ አልነካውም።

ላይ፣ ከአባታችን አጠገብ፣ መቃብር ቆፋሪዎቹ ጀምረው ነበር። ድንጋይ ገጥሟቸው ዲጂኖ እየፈለጉ ነው አሉኝ። ወጣሁና የያዝኩትን ሰጠኋቸው።